አክታዬን ወስደው ምን ያደርጉታል?

አንድ ማታ የንባብ ትምህርታችንን ከጨረስን በኋላ አንድ አባት ከኋላ ወንበር ተነሡ። በጋሞ ደጋ የሚኖሩ፣ እንሰትና ገብስ የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ፊደል ከቆጠሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስለኛል። ጤና ጣቢያ ብሄድ ብልቃጥ ሰጥተው ‹አክታ ይዘው ይምጡ› አሉኝ። እኔ መድኃኒት ፍለጋ ሄጄ እነሱ አክታ ይጠይቁኛል! ጎረቤቴንም ታሞ ሳለ ደሙን ቀዱት። ‹ይሸጡታል› የሚል ሰው አለ። ለመሆኑ ወስደው ምን ያደርጉታል?»

ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚኖር ጥያቄ ነው። ይህን ፈርቶ ናሙና ሳይሰጥ ወደ ቤቱ የሚመለስ አለ። ሳይታወቅ የቆየ በሽታ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ቤተሰብ ይጎዳል።

«አባቴ፣ አይሸጥም። ይዘራል» ብዬ መለስኩላቸው።

«ይዘራል? አክታ እንደ ገብስ ይዘራል?»

አዎ፣ ይዘራል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

ዓይን የማያየው ዘር

ብዙ በሽታ የሚመጣው ባክቴሪያ ከሚባሉ ጥቃቅን ሕያዋን ነው። ባክቴሪያ በዓይን አይታይም። አንዷ የጤፍ ፍሬ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች እናውቃለን። አንድ ሺህ ያህል ባክቴሪያ ጎን ለጎን ቢሰለፍ ርዝመቱ የአንዷን የጤፍ ፍሬ ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ለማየት ማይክሮስኮፕ የሚባል ኃይለኛ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል።

ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም። ወተት እርጎ የሚሆነው በባክቴሪያ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው እንሰት ኮምጥጦ ቆጮ የሚሆነውም እንዲሁ። ጥቂቶቹ ግን የሳንባ ነቀርሳን፣ የሳንባ ምችን፣ ማጅራት ገትርን፣ ታይፎይድንና ኮሌራን ያመጣሉ።

ችግሩ በሽታዎቹ መመሳሰላቸው ነው። አንድ ልጅ ሰውነቱ ቢያተኩስ ምን ነካው እንላለን? በአባያና በጫሞ ዳር ላለው የቆላ ሰው መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። ነገር ግን ማጅራት ገትር፣ የሳንባ ምች ወይም ታይፎይድም ያተኩሳል። የወባ መድኃኒት ማጅራት ገትርን አያድንም። የባክቴሪያ መድኃኒትም ወባን አያድንም። ገበሬ እንክርዳዱን ከስንዴው ሳይለይ ቢያጭድ ትርፉ ኪሳራ ነው። ሐኪምም በሽታውን ሳይለይ መድኃኒት ቢሰጥ እንዲሁ ነው።

ዘርቶ ማብቀል

እናቶች እርሾን በደንብ ያውቁታል። ጥቂት እርሾ ሊጥ ውስጥ ይጨመርና ያድራል። በማግስቱ ሊጡ በሙሉ ኩፍ ብሎ ይገኛል። ለምን? እርሾው ውስጥ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ስላሉ ነው። ምግብና ሙቀት ሲያገኙ ይባዛሉ።

በላቦራቶሪም የሚሠራው ይኸው ነው። ባለሙያው ከአክታው፣ ከሽንቱ፣ ከመግሉ ወይም ከደሙ ጥቂት ይወስዳል። ባክቴሪያ የሚወደው ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ይቀባዋል። ከዚያም የሰውን ገላ ሙቀት በሚያህል ሙቀት ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንዱ ባክቴሪያ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ።

እስቲ እንቁጠር። በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚኖረው አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ ሁኔታው ከተመቸው በየ20 ደቂቃው በእጥፍ ይባዛል። አንዱ በ1 ሰዓት 8፣ በ2 ሰዓት 64 ይሆናል። በ7 ሰዓት ግን ከ2,000,000 በላይ ይሆናል! ስለዚህ ማታ የተዘራው ጧት በዓይን ይታያል። ሳህኑ ላይ እንደ ትንንሽ የቅባት ጠብታ ነጠብ ነጠብ ብሎ ይበቅላል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ከአንድ ባክቴሪያ የተገኘ መንደር ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ዘዴ ያስፋፋው ሮበርት ኮክ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እሱም የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ለይቶ አብቅሎ በ1874 ዓ.ም. ለዓለም አስታወቀ። ኮክ በመጀመሪያ ባክቴሪያ ያበቅል የነበረው በተቆረጠ ድንች ላይ ነበር። ቀጥሎ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ጄላቲን የሚባል ነገር ሞከረ። ጄላቲኑ ግን ሙቀት ሲያገኝ እየቀለጠ አስቸገረ። መላውን ያመጣችው ፋኒ ሄሴ የምትባል ሴት ናት። ባለቤቷ በኮክ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። እሷ ወጥ ቤቷ ውስጥ ምግብ የምታረጋበት፣ ከባሕር ተክል የሚወጣ አጋር የሚባል ነገር ነበራት። ይህን ያወቀችው በእስያ ሞቃት አገር ኖረው ከመጡ ጎረቤቶች ነው። አጋር በሙቀት ቶሎ አይቀልጥም። እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ላቦራቶሪ ሁሉ የሚሠራበት ይኸው ነው። የወጥ ቤት ዕውቀት ስንቱን ሰው አዳነ!

አረሙን መንቀል

አክታ ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ አይገኝም። በአፍና በጉሮሮ የሚኖሩ ጉዳት የሌላቸው ብዙ አሉ። እነሱም አብረው ይበቅላሉ፤ እንደ አረም ማለት ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ደግሞ ዝግተኛ ነው። በእጥፍ ለመባዛት አንድ ቀን ያህል ይፈጅበታል። አረሞቹ በአንድ ሌሊት ሳህኑን ሲሞሉት እሱ ገና አንድ ብቻ ነው።

ታዲያ እንዴት ይለያል? የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ገላው በሰም መሰል ነገር የተሸፈነ ነው። ባለሙያዎቹ አክታውን ለሳሙና መሥሪያ በሚውል ኃይለኛ ኬሚካል ለጥቂት ደቂቃ ያሹታል። አረሞቹ ይሞታሉ። ባለሰሙ ባክቴሪያ ግን ችሎ ይተርፋል። ከዚያ ከእንቁላል በተሠራ ምግብ ላይ ይዘራል። በዚህ ዓይነት ምግብ ላይ ውጤቱ እስኪታወቅ እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። በፈሳሽ ምግብ ሲሆን እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል።

አልበቅል ያለም አለ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በ1865 ዓ.ም. አርማወር ሐንሰን በሚባል የኖርዌይ ሐኪም ታወቀ። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያበቀለው የለም። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በዚህ ሐኪም ስም የተሰየመ ነው።

የትኛው መድኃኒት ይገድለዋል?

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ ከታየ መች አነሰ? ማብቀሉ ለምን?» ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ይህ ነው፦ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ብቻ ነው መድኃኒት የሚፈተንበት።

ባለሙያው ባክቴሪያውን በሳህን ላይ ይዘራል። ከላዩ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ የወረቀት ክቦች ያስቀምጣል። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ያለው መድኃኒት የተለያየ ነው። በማግስቱ ይመለከታል። ከባሕር ዛፍ ሥር እህል እንደማይበቅል ሁሉ፣ በአንዳንዱ ወረቀት ዙሪያ ባክቴሪያው አልበቀለም። ባዶ ቀለበት ይታያል። ያ መድኃኒት ይሠራል ማለት ነው። በሌላው ወረቀት ዙሪያ ደግሞ ባክቴሪያው እስከ ጠርዙ በቅሏል። ያ መድኃኒት ለዚህ በሽተኛ አይረባም።

ይህ ቀልድ አይደለም። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከበሽተኞች ሽንትና ቁስል ባክቴሪያ እያበቀሉ ፈትነዋል። ብዙ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች በአካባቢያችንም ተገኝተዋል። ባክቴሪያ መድኃኒት የሚለምደው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት እኛው ነን። ሁለት እንክብል ውጠን ሲሻለን እንተዋለን። የቀረውን ለጎረቤት እናካፍላለን። ደካማው ባክቴሪያ ይሞታል፤ ብርቱው ይተርፋል፤ የሚባዛውም እሱ ነው። ከብርቱ ወይፈን ብርቱ ጥጃ እንደሚወለድ ማለት ነው።

ጊዜ ማለት ሕይወት ነው

ሳንባ ነቀርሳን ለማወቅ 8 ሳምንት መጠበቅ ረጅም ነው። በዚህ መካከል በሽተኛው ይከሳል፤ በሳል ልጆቹን ያስይዛል። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ፈጣን መንገድ ሲፈልጉ ኖሩ።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጂን ኤክስፐርት የሚባል መሣሪያ ወደ አገራችን ገብቷል። አክታው በመሣሪያው ውስጥ ከገባ በ2 ሰዓት ገደማ የሳንባ ነቀርሳ መኖር አለመኖሩን ይናገራል። ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት ባክቴሪያው ለምዶት እንደሆነም ይለያል። መሣሪያው በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ስለዚህ አክታው ወዳለበት ይላካል። በብዙ ቦታ ናሙና የሚያጓጉዘው የኢትዮጵያ ፖስታ ነው። ደብዳቤ የሚያደርሰው ሰው አክታም ያደርሳል ማለት ነው።

ይህ መሣሪያ ግን አንድ ጉድለት አለው። የሞተውን ባክቴሪያ ከሕያው አይለይም። ስለዚህ መድኃኒት የጀመረ ሰው እየዳነ መሆኑ የሚታየው በማይክሮስኮፕና በማብቀል ነው። አሮጌው ዘዴና አዲሱ ዘዴ እንደ ጥማድ በሬ አብረው ይሠራሉ።

በአርባ ምንጭ የተሠራ ሥራ

ማጅራት ገትር አገራችንን ብዙ ጊዜ አጥቅቷል። በ1981 ዓ.ም. በተነሣው ወረርሽኝ ከ40,000 በላይ ሰው ታሟል። በኋላ አንደኛውን ዋና ዓይነት የሚከላከል አዲስ ክትባት ተሠራ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮም በየተራ በአገራችን ተሰጠ።

ክትባቱ ወደ ደቡብ ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር መታወቅ ነበረበት። ባክቴሪያው ሳያማቸው በጉሮሯቸው የሚሸከሙት ስንት ናቸው? በ2006 ዓ.ም. በአርባ ምንጭና በአካባቢው ጥናት ተጀመረ። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ዓመት የሆነ ከ7,000 በላይ ሰዎች ጉሮሯቸውን በጥጥ አስነኩ። ጥጡ ላይ የተገኘው በሳህን ተዘራ። ውጤቱ ሲቆጠር ከ100 ሰው ከ6 እስከ 7 የሚሆነው ባክቴሪያውን ተሸክሞ ተገኘ። አብዛኛው የተገኘው ግን ወረርሽኝ የማያመጣው ዓይነት ነበር። ይህን ማወቅ የተቻለው እነዚያ ሁሉ ሰዎች አፋቸውን ለመክፈት ፈቃደኛ ስለሆኑ ነው።

የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ስስ ነው። ብርድ ይገድለዋል። ቢዘገይም ይሞታል። ስለዚህ ከበሽተኛው ጀርባ የተቀዳው ፈሳሽ ቶሎ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። እንደ ተነቀለ ችግኝ ነው፤ ውሎ ካደረ አይጸድቅም።

ብዙ ወላጅ «ከጀርባው ፈሳሽ ከተቀዳ ልጄ ሽባ ይሆናል» ብሎ ይፈራል። እውነቱ ሌላ ነው። መርፌው የሚገባው ከወገብ በታች፣ ዋናው የጀርባ ነርቭ ካበቃበት በታች ነው። ሽባና ደንቆሮ የሚያደርገው፣ የሚገድለውም፣ ሳይታከም የቀረው ማጅራት ገትር ነው።

ደምና ቡላ

አሁን ወደ ጎረቤትየው ደም እንመለስ። ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ ሲሰራጭ በሽታው እጅግ አደገኛ ነው። ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በአንድ የሻይ ማንኪያ ደም ውስጥ ከ20 ቢሊዮን በላይ ቀይ የደም ሕዋሳት አሉ። ባክቴሪያዎቹ ግን 50 እንኳ ላይሞሉ ይችላሉ። ይህ በአንድ ጎተራ ጤፍ ውስጥ አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ ከመፈለግ ይብሳል።

ስለዚህ ለአዋቂ ሰው በአንድ ጠርሙስ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ደም ይቀዳል። ይህ ብዙ ነውን? በአዋቂ ሰው ገላ ውስጥ ወደ 5 ሊትር ደም አለ። ይህም 1,000 የሻይ ማንኪያ ነው። ከ1,000 ሁለት ወይም አራት ቢወሰድ ገላ መልሶ ይተካዋል። ደሙ ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ እስኪበቅል ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ይህን ጊዜ ለማሳጠር በስዊድን አገር ያሉ ተመራማሪዎች በ2017 ዓ.ም. አዲስ ዘዴ አቅርበዋል። ዘዴው ለእኛ እናቶች እንግዳ አይደለም። እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ ፈሳሹ ይጠራቀማል። ሲያድር ከባዱ ነገር ወደ ታች ይሰምጣል፤ ውኃው ከላይ ይቀራል። ከታች የቀረው ነጩ ቡላ ነው። ተመራማሪዎቹም ደሙን ከደም ከሚከብድ ፈሳሽ በላይ አድርገው በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ያዞሩታል። ከባዶቹ የደም ሕዋሳት ወደ ታች ይሰምጣሉ። ቀላሎቹ ባክቴሪያዎች ከላይ ይቀራሉ። ሌሊት የሚፈጀውን መዝቀጥ መሣሪያው በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ከዚያ ሕያዋኑ ባክቴሪያዎች በጠባብ ቦይ ውስጥ ይያዙና በማይክሮስኮፕ ሲባዙ ይታያሉ። በጥቅሉ በ2 ሰዓት ገደማ ባክቴሪያ መኖሩ ይታወቃል።

ዘዴው ገና በምርምር ላይ ነው። ወደ ጤና ጣቢያችን አልደረሰም። ደም ሲረጋ በውስጡ የሚደበቅ አንድ ዓይነት ባክቴሪያም አስቸግሯቸዋል። ቢሆንም መንገዱ ተጀምሯል።

የእኛ ድርሻ

መሣሪያ ቢመጣ ናሙናው ካልተበጀ ምንም አይረባም። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች እንያዝ፦

1. ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

2. አክታ ማለት ምራቅ አይደለም። ጧት አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ፣ ደጅ ወጥቶ፣ በረጅሙ ተንፍሶ፣ ከደረት ውስጥ አስሎ ማውጣት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ፣ ፀሐይ ሳያስነኩ፣ በዚያው ቀን ማድረስ ነው።

3. ከሱቅ ወይም ከጎረቤት እንክብል ወስደን ወደ ሐኪም አንሂድ። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሳይጨርስ ያደክመዋል። ያኔ ቢዘራ አይበቅልም፤ በሽታው ግን ገላችን ውስጥ አለ። የወሰድነው ነገር ካለ ሳንደብቅ እንናገር። የከፋ በሽተኛ ሲሆን ግን ምን መቅደም እንዳለበት ሐኪሙ ያውቃል።

4. ትኩሳት፣ የአንገት መድረቅና የራስ ምታት ያለበትን ልጅ አናሳድር።

5. የታዘዘልንን መድኃኒት እስከ መጨረሻው እንዋጥ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ 6 ወር ነው። የተሻለን ቀን አይደለም የሚቆመው።

ያ አባት በማግስቱ ጧት ብልቃጣቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወረዱ። በሽታው ሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱንም ያኑ ሰሞን ጀመሩ። ልጆቻቸውም ተመረመሩ። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ አክታ ድጋሚ ሰጡ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባክቴሪያ አልተገኘበትም። አራት ወር ቀርቷቸዋል። አሁን ማታ ለትምህርት ሲመጡ የሕክምና ካርዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። የቀጠሮውን ቀን ለክፍሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

አዳዲስ ቃላት

ናሙና፦ ለምርመራ የሚሰጥ ጥቂት ደም፣ አክታ፣ ሽንት ወይም ሌላ ነገር።
ላቦራቶሪ፦ ናሙና የሚመረመርበት ክፍል።
ማይክሮስኮፕ፦ በዓይን የማይታየውን አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ።
ወረርሽኝ፦ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ።

እንወያይ

1. ባክቴሪያን በሳህን ላይ ማብቀልና እርሾን ሊጥ ውስጥ መጨመር በምን ይመሳሰላሉ?
2. አንድ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው በእጥፍ ቢባዛ በ3 ሰዓት ስንት ይሆናል?
3. በሰፈራችሁ ሰዎች ደም ወይም አክታ መስጠት የሚፈሩት ለምንድን ነው? ምን ብላችሁ ታስረዷቸዋላችሁ?
4. መድኃኒት አጋምሶ ለጎረቤት ማካፈል ደግነት ይመስላል። ጉዳቱ ምንድን ነው?